ቦሌ ሞልቷል

ከምሽቱ አራት ሰዓት ገደማ ቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ባዶ ወንበር ያገኘ ሰው ዕድለኛ ነው። ከኪንሻሳ የመጣው ነጋዴ ወደ ጓንጁ የሚሳፈርበትን በር በዓይኑ እየፈለገ ሻንጣውን ይጎትታል። ከሉሳካ ያረፉ ወላጆች ልጆቻቸውን ምንጣፉ ላይ ጋቢ አልብሰው አስተኝተዋል። ጥግ ላይ ወደ ጂዳና ወደ ሪያድ የሚሄዱ ወጣት ሴቶች ፓስፖርታቸውን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ይዘው ተደርድረዋል። አብዛኞቹ አውሮፕላን ሲሳፈሩ የመጀመሪያቸው ነው፤ አንዷ ስትነሳ ሁሉም ይነሳሉ። ድምፅ ማጉያው የከተማ ስም ይጠራል፣ ሰልፉ ይንቀሳቀሳል፣ ሌላ ከተማ ይጠራል። እኩለ ሌሊት ሲያልፍ አዳራሹ ወና ይሆናል፤ ሲነጋ ደግሞ በሌላ ሕዝብ ይሞላል።

ይህ ግርግር በድንገት የተፈጠረ አይደለም፤ ተሰልቶ የተሠራ ነው። ማታ ማታ ከአፍሪካ ከተሞች የተነሱት አውሮፕላኖች በጥቂት ሰዓታት ልዩነት ቦሌ ያርፋሉ፤ መንገደኞቻቸውን ያራግፉና ሌሎቹ ተቀብለው ወደ አውሮፓ፣ ወደ መካከለኛው ምሥራቅና ወደ እስያ ይበራሉ። ጠዋት ነገሩ ይገለበጣል። ከለንደን፣ ከዋሺንግተን፣ ከዱባይና ከቤጂንግ የመጡት ተከታትለው ያርፋሉ፤ ከረፋዱ በፊት መንገደኛው ወደ ናይሮቢ፣ ወደ ሌጎስና ወደ ሃራሬ ይበተናል። ሁሉም ከየአቅጣጫው መጥቶ፣ ተገናኝቶ፣ ዕቃውን ቀይሮ እንደሚበተንበት የገጠር ገበያ ነው፤ ልዩነቱ ይህ ገበያ በቀን ሁለት ጊዜ መቆሙ ነው። ዓለም አቀፍ መንገደኞቹ በአመዛኙ አዲስ አበባን በመስኮት ከማየት ያለፈ አያውቋትም።

የኢትዮጵያ አየር መንገድን ለመረዳት ከዚህ መነሳት ያስፈልጋል። አብዛኛው ሕዝቡ አውሮፕላን ተሳፍሮ በማያውቅበት አገር የአፍሪካን ትልቁን አየር መንገድ ማቆም የተቻለው በሌላው ሰው ጉዞ ነው። የኮንጎው ነጋዴ ወደ ቻይና፣ የናይጄሪያው ተማሪ ወደ ህንድ፣ የማላዊው ባለሥልጣን ወደ አውሮፓ ሲሄድ በቦሌ ማለፉን መርጧል። በ2017 በጀት ዓመት አየር መንገዱ 7.6 ቢሊዮን ዶላር ገቢ አግኝቶ 19 ሚሊዮን መንገደኞችን እንዳጓጓዘ አስታውቋል። በዚያው ዓመት ቡና ከምንጊዜውም በላይ ተሸጦ ለአገሪቱ ያስገኘው ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር ጥቂት የበለጠ ነበር። ገቢ ማለት ትርፍ አይደለም፤ የነዳጁ፣ የመለዋወጫውና የአውሮፕላን ኪራዩ ዶላር ተመልሶ ይወጣል። ቢሆንም ቁጥሩ የድርጅቱንና የአገሩን ምጣኔ ያሳያል። ልጁ ከአባቱ ቤት በላይ አድጓል።

እንዲህ ያደገው ጎረቤቶቹ ሲወድቁ ነው። አሥራ አንድ ያህል የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ አገሮች በጋራ የያዙት ኤር አፍሪክ እ.ኤ.አ. በ2002 ፈረሰ። ናይጄሪያ ኤርዌይስ በዓመቱ፣ ጋና ኤርዌይስ በሁለተኛው ዓመት ተከተሉት። የደቡብ አፍሪካው አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ ከአበዳሪዎቹ በሕግ ጥበቃ ሥር ገባ። የኬንያው ለዓመታት ኪሳራ ሲቆጥር ቆይቷል። የውድቀታቸው ምክንያት ብዙ ቢሆንም አንዱ በሁሉም ቤት ይገኛል፤ ሚኒስትሩ ዘመዱን ይቀጥራል፣ ባለሥልጣኑ በነፃ ይበራል፣ የማያዋጣው መስመር ለፖለቲካ ሲባል ይከፈታል።

የኢትዮጵያው ከዚህ እንዴት ተረፈ? በ1938 ዓ.ም. ሲቋቋም አስተዳደሩ ቲ.ደብሊው.ኤ. ለተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ በውል ተሰጠ፤ የመጀመሪያው በረራም መጋቢት 30 ቀን በአስመራ በኩል ካይሮ ደረሰ። አብራሪውም መካኒኩም ሥራ አስኪያጁም የውጭ ሰው ነበር፤ ኢትዮጵያውያን በየሙያው እየሠለጠኑ እስኪተኩ ድረስ ከሃያ ዓመት በላይ ወስዷል። ያ ዝግታ ዛሬ ሲታይ ጥቅም ነበረው፤ ቢሮው የቤተ መንግሥት ልማድ ሳይገባው የሥራ ልማድ ያዘ። ደርግ ሲመጣ እጁን አስገብቶ ነበር። ድርጅቱ ሲንገዳገድ በ1972 አመራሩ ለካፒቴን መሐመድ አሕመድ ተሰጠና በንግድ ሕግ እንዲሠራ ተተወ። አገሩ በሶሻሊስቱ ጎራ ተሰልፎ፣ ጦሩ በሶቪየት ሚግ እየተዋጋ፣ አየር መንገዱ ከሲያትል ቦይንግ 767 ገዛ። በዚያ ዘመን ካድሬ ያልገባበት ቢሮ ብርቅ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ከመጡት መሪዎች መካከል አቶ ግርማ ዋቄ፣ አቶ ተወልደ ገብረማርያም፣ ከመጋቢት 2014 ጀምሮ ደግሞ አቶ መስፍን ጣሰው፣ ሁሉም ከውስጥ ያደጉ ናቸው። አብራሪውና ቴክኒሻኑ የሚሠለጥነው እዚያው ቦሌ ነው፤ ሞተሩ የሚፈታው፣ ቀለሙ የሚቀባው እዚያው ነው። የኮሮና ወረርሽኝ ዓለምን ሲዘጋ ከመንገደኛ አውሮፕላኖች ወንበር እየነቀሉ ጭነት የጫኑት እነዚሁ ቴክኒሻኖች ናቸው። ቻይናዊው ባለሀብት ጃክ ማ ለአፍሪካ አገሮች የለገሱት ጭምብልና የመመርመሪያ ዕቃ የተከፋፈለው ከቦሌ ነበር። ብዙ የዓለም አየር መንገዶች መንግሥታቸውን የድጎማ ገንዘብ ሲለምኑ ይህኛው በካርጎ ተሻገረ። የዝዋይና የሆለታ ጽጌረዳ ዛሬም በዚያው ካርጎ ሌሊቱን ወደ አውሮፓ ይበራል።

አሁን ያለው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ ቦሌ ሞልቷል። በጥር 2011 የተመረቀው ማስፋፊያ የማስተናገድ አቅሙን በዓመት ወደ 22 ሚሊዮን ሰው ቢያደርሰውም ከዚያ በኋላ የሚሰፋበት ቦታ የለም። በ1950ዎቹ የጄት አውሮፕላን ሲመጣ የልደታው ሜዳ ስላልበቃ ማረፊያው ከከተማ ውጭ ወደነበረው ቦሌ ተዛወረ፤ የልደታው አካባቢ «ኦልድ ኤርፖርት» የሚል ስም ቀረለት። ዛሬ ቦሌ ራሱ በሕንፃ ተከቧል።

ከቦታ ጥበት የባሰ ደግሞ ከፍታው አለ። ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነው። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ክንፉ የሚደገፍበት፣ ሞተሩም የሚምገው አየር ያንሳል። አውሮፕላኑ ከመሬት ለመላቀቅ አብልጦ መፍጠን፣ አርቆ መንደርደር አለበት። መንደርደሪያው እንደ ልብ አይረዝም፤ ጎማውም ከተወሰነ ፍጥነት በላይ አይችልም። ያለው አማራጭ ክብደት መቀነስ ነው፤ ወይ ነዳጅ፣ ወይ ጭነት፣ ወይ ሰው። ዋሺንግተን ዙሪያ የሚኖር ወገናችን ይህን በወገቡ ያውቀዋል። ከአዲስ አበባ የተነሳው በረራ በቂ ነዳጅ ይዞ መነሳት ስለማይችል መንገድ ላይ ያርፋል፤ ደብሊንም ሮምም ሆነው ያውቃሉ። መንገደኛው ወንበሩ ላይ እንደ ተቀመጠ ነዳጅ ይቀዳል። (የእናቶቻችን ሽሮና በርበሬ የራሱ ድርሻ እንዳለው ባይካድም ዋናው ጥፋተኛ እሱ አይደለም።) ከዋሺንግተን ሲመለስ ግን ከዝቅተኛ ቦታ፣ ከኋላ በሚገፋ ነፋስ ስለሚነሳ ሳያርፍ ቦሌ ይገባል። በ1976 ዓ.ም. አዲሱ 767 በ12,082 ኪሎ ሜትር በረራ በዓይነቱ ክብረ ወሰን የሰበረውም በዚሁ አቅጣጫ፣ ከዋሺንግተን ወደ አዲስ አበባ ነበር። በተቃራኒው ቢሆን አይሞከርም።

እናም አየር መንገዱ ዓይኑን ወደ ቢሾፍቱ አዞረ። ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ አቡሴራ በተባለው ቦታ የሚሠራው አዲስ ማረፊያ ከቦሌ ዝቅ ያለ ነው፤ ስለዚህ አውሮፕላኖቹ ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ጭነት ይዘው የመነሳት ዕድላቸው ይሰፋል። ጥር 2 ቀን 2018 የመሠረት ድንጋዩ ሲቀመጥ የተነገረው፣ አራት መንደርደሪያ እንደሚኖረው፣ የመጀመሪያው ምዕራፍ እ.ኤ.አ. በ2030 ሲያልቅ በዓመት 60 ሚሊዮን፣ ሁሉም ሲጠናቀቅ 110 ሚሊዮን መንገደኛ እንደሚያስተናግድ ነው። ንድፉ ሟቿ ኢራቃዊት እንግሊዛዊት አርክቴክት ዛሃ ሃዲድ የመሠረቱት ድርጅት ሥራ ነው። ኤርፖርት ሰው የሚቆጥረው ሲገባም ሲወጣም ስለሆነ ይህን ቁጥር ከአየር መንገዱ 19 ሚሊዮን ጋር በቀጥታ ማወዳደር አይቻልም። ግን በየትኛውም ሚዛን ቢለካ ትልቅ ነው።

ዋጋውም ትልቅ ነው፤ ደግሞ አይቆምም። በ2012 ሐሳቡ በይፋ ሲነገር 5 ቢሊዮን ዶላር ነበር የተባለው። በነሐሴ 2017 የአፍሪካ ልማት ባንክ ገንዘብ አፈላላጊ ሆኖ ሲፈራረም 10 ቢሊዮን ደረሰ። ድንጋዩ ሲቀመጥ 12.5 ቢሊዮን ሆነ። አየር መንገዱ የ2017 በጀት ዓመትን ዓይነት ገቢ ነዳጅ ሳይገዛ፣ ደመወዝ ሳይከፍል ሙሉ በሙሉ ቢያስቀምጥ እንኳ ይህን ለመሙላት አንድ ዓመት ከስምንት ወር ግድም ይፈጅበታል። ዕቅዱ 30 በመቶውን ራሱ እንዲሸፍን፣ የቀረውን ከአበዳሪ እንዲያገኝ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። በብዙ አገር ኤርፖርት የሚሠራው መንግሥት ወይም ራሱን የቻለ ድርጅት ነው፤ አየር መንገድ ኪራይ ከፍሎ ይጠቀማል። በእኛ ዘንድ የኤርፖርቶች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ከአየር መንገዱ ጋር ተቀላቅሎ አንድ ግሩፕ ሆኗል። መንደርደሪያውን የሚያነጥፈው፣ ተርሚናሉን የሚያቆመው፣ ዕዳውንም የሚሸከመው አየር መንገዱ ራሱ ነው። መንግሥት በታኅሣሥ 2016 የዩሮ ቦንድ ወለዱን ሳይከፍል ቀርቶ ከአበዳሪዎቹ ጋር የዕዳ ሽግሽግ ድርድር ውስጥ የገባ ነው። የአገሩ ስም የማያስገኘውን ብድር የአየር መንገዱ ስም እንዲያስገኝ እየተደረገ ነው ማለት ነው። ድርጅቱ ለሰማንያ ዓመት አውሮፕላን ተበድሮ እየገዛ በጊዜው ሲከፍል ያፈራው ስም ነው። አውሮፕላን ግን ቢከፋ ይሸጣል፣ ይከራያል፤ ቢሾፍቱ ላይ የፈሰሰ ኮንክሪት ተነቅሎ አይሸጥም።

ለምን እንዲህ እንደሚቸኮል ግልጽ ነው። የቱርክ አየር መንገድ የአፍሪካ ከተሞችን አንድ በአንድ እየለቀመ ነው። ኤምሬትስና ኳታር አሉ፤ ኳታር ከሩዋንዳ ጋር ተሻርካ ኪጋሊ አቅራቢያ ቡገሴራ ላይ ኤርፖርት ታሠራለች። የኪንሻሳው ነጋዴ ለቦሌ ቃል ኪዳን የለበትም፤ ዶሃ ላይ የተሻለ ዋጋና የተሻለ ወንበር ካገኘ ይሄዳል። በሌላው ሰው ጉዞ የቆመ ድርጅት ሁልጊዜ ይህ ሥጋት አለበት። የቢሾፍቱ ውሳኔ በመሠረቱ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ የሚያስፈራኝ መጠኑና ሁሉም በአንድ ትከሻ ላይ መውደቁ ነው።

ደግሞም ቦታው ባዶ አልነበረም። የቢሾፍቱ ዙሪያ በነጭ ጤፉ ስሙ የተጠራ የአድአ ምድር ነው። ገበሬዎቹ ተነስተው አየር መንገዱ ወዳሠራላቸው ቤት ተዛውረዋል። ቤት መሥራቱ ያስመሰግናል። ሆኖም የአዲስ አበባ ዙሪያ ገበሬ ካሳ ተቀብሎ፣ ገንዘቡ አልቆ፣ በገዛ መሬቱ ላይ በተሠራው ሕንፃ ጥበቃ ሆኖ ሲቀጠር ያየን ሰዎች ቁልፍ ማስረከብ በቂ አለመሆኑን እናውቃለን። ገበሬው ከአምስት ዓመት በኋላ በምን እንደሚተዳደር ዛሬ ሊጠየቅ ይገባል።

ወደ አህጉሩ እንመለስ። አየር መንገዱ በሎሜ አስካይን፣ በሊሎንግዌ ማላዊ አየር መንገድን፣ በሉሳካ ዛምቢያ ኤርዌይስን፣ በቅርቡ ደግሞ ኤር ኮንጎን በድርሻ ይዟል። ዘዴው ብልህ ነው፤ በየአካባቢው ትናንሽ ቦሌዎች መትከል። ሁሉም ግን አልሰመረም፤ የቻድና የሞዛምቢኩ ተዘግተዋል። የናይጄሪያው እንዲያውም ፌዝ ይመስላል። በግንቦት 2015 አንድ የኢትዮጵያ አውሮፕላን የ«ናይጄሪያ ኤር»ን ቀለም ተቀብቶ አቡጃ አረፈ፤ የተሰናባቹ መንግሥት ሹማምንት አጨብጭበው ተቀበሉት፤ አውሮፕላኑ ወዲያው ተመልሶ መደበኛ ሥራውን ቀጠለ። የናይጄሪያ አየር መንገዶች በፍርድ ቤት ሲሟገቱት የነበረውን ዕቅድ አዲሱ መንግሥት አገደው። የአፍሪካ መሪዎች በጥር 2010 አዲስ አበባ ላይ የአህጉሩን ሰማይ አንድ ገበያ ለማድረግ ተስማምተው ነበር። ሰማዩ ዛሬም በየድንበሩ አጥር አለው።

ከአጥሩ የባሰው ገንዘብ ማስወጣት ነው። ቲኬት በናይራ ወይም በናቅፋ ይሸጣል፤ ነዳጅ ግን በዶላር ይገዛል፤ የአገሩ ባንክ ዶላር ከሌለው የተሸጠው ሁሉ እዚያው ይታሰራል። አስመራን እንውሰድ። ሐምሌ 11 ቀን 2010 ከሃያ ዓመት በኋላ የመጀመሪያው በረራ አስመራ ሲያርፍ ተጓዡ አልቅሷል፣ ተቃቅፏል። በስድስት ዓመቱ፣ በነሐሴ 2016 መጨረሻ፣ በረራው ቆመ፤ ኩባንያው በአስመራ ያለውን ገንዘብ ማንቀሳቀስ እንዳልቻለ ተናገረ። ትዝብቱ ግን ለእኛም ይተርፋል። የዓለም አየር መንገዶች ማኅበር በ2016 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ የሌሎች አየር መንገዶችን ገንዘብ ከያዙት አገሮች መካከል ኢትዮጵያን በ149 ሚሊዮን ዶላር ጠርቷታል፤ ኤርትራ በዚያው ዝርዝር ላይ 75 ሚሊዮን ነበረባት።

የአውሮፕላን አቅርቦቱም ሌላ ራስ ምታት ነው። ኩባንያው ስምንት ቦይንግ 777-9 ለመግዛት እ.ኤ.አ. በ2024 ተስማምቷል። ይህ አውሮፕላን መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ለ2020 ተብሎ የነበረ ነው፤ አሁን ቦይንግ የሚለው 2027 ነው። ቦይንግን ስናነሳ መጋቢት 1 ቀን 2011ን ማለፍ አይቻልም። የበረራ ቁጥር 302 የሆነው ቦይንግ 737 ማክስ ከቦሌ ተነስቶ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ሲከሰከስ የ35 አገር ዜጎች የሆኑ 157 ሰዎች አለቁ። ከዚያ አራት ወር ገደማ ቀደም ብሎ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ያው ዓይነት አውሮፕላን ወድቆ ነበር። በአሜሪካ ምክር ቤት ሳይቀር ጣት ወደ አብራሪዎቹ ሥልጠና ተቀሰረ። እውነቱ ሲወጣ ግን ከአንድ ዳሳሽ በሚመጣ የተሳሳተ መረጃ አፍንጫውን ወደ መሬት የሚደፋ ሥርዓት ነበር፤ ቦይንግም በሟቾች ቤተሰቦች ክስ ኃላፊነቱን ተቀበለ። አየር መንገዱ ማክስን ከሦስት ዓመት ገደማ በኋላ መልሶ አበረረ፤ ተጨማሪም አዘዘ። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ይቆጣል። ነገር ግን የዓለም ትልልቅ የመንገደኛ አውሮፕላን ገበያ በሁለት ሠሪዎች እጅ ነው፤ ኤርባስ ጋ ደግሞ ወረፋው ዓመታት ይፈጃል።

በመጨረሻ የቀረው የአገር ውስጥ ተሳፋሪ ነው፤ በአየር መንገዱም ዘንድ ቦታው ያው መጨረሻ ይመስላል። መቀሌ ከሁለት ዓመት ጦርነት በኋላ ታኅሣሥ 19 ቀን 2015 የመጀመሪያውን በረራ ስትቀበል ወላጅና ልጅ ሲገናኙ መላ አገሩ አይቷል። ዛሬ በአማራና በኦሮሚያ ብዙ መንገድ በእገታና በውጊያ ሥጋት ተዘግቶ ወደ ጎንደር፣ ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ኮምቦልቻ ለመሄድ አውሮፕላን ቅንጦት መሆኑ ቀርቷል። በሽተኛ አድርሶ መመለስ፣ ለቅሶ መድረስ ሁሉ በቲኬት ሆኗል። ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ በዶላር የሚታሰበው ወጪ ሁሉ ወደ ተሳፋሪው ኪስ ይወርዳል። መምህሩና ነርሷ ቲኬቱን በወር ደመወዛቸው ያሰሉታል። በዚህ ሰማይ ላይ የሚፎካከር የግል አየር መንገድ አለ ለማለት አይቻልም፤ ያሉት በትናንሽ አውሮፕላን ቻርተር የሚሠሩ ናቸው። ያለ ተፎካካሪ የሚሠራ ድርጅት፣ ምንም ጎበዝ ቢሆን፣ ደንበኛውን ችላ ማለቱ አይቀርም። «ለፈረንጅ ፈገግታ፣ ለአበሻ ግልምጫ» የሚለው የተሳፋሪ እሮሮ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

አንድ ነገር ልጨምር። አቶ ግርማ ዋቄ በሰኔ 2015 ከቦርድ ሰብሳቢነት ተነስተው በአየር ኃይሉ ዋና አዛዥ በሌተና ጄኔራል ይልማ መርዳሳ ተተኩ። ጄኔራሉ ከሰማይ ጋር የሚያውቁት ሥራ አላቸው፤ ጥያቄው ግን የሰው አይደለም። ደርግ እንኳ በጭንቅ ጊዜ እጁን ያነሳበትን ድርጅት ቦርድ ወታደራዊ ሹም ሲመራው፣ የድርጅቱን ነፃነት የሚጠብቀው አጥር የት እንዳለ የመጠየቅ መብት አለን።

ድርጅቱ በ2014 የመንግሥት ኩባንያዎችን በሚይዘው በኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ ሥር ገብቷል፤ ባለቤቱ ግን ሕዝቡ ነው፤ የቢሾፍቱን ዕዳም ወዶም ሆነ ሳይወድ ሕዝቡ ይወርሰዋል። ስለዚህ የሚከተለው ይደረግ። እያንዳንዱ የብድር ውል፣ ወለዱ፣ የመክፈያ ጊዜውና መንግሥት የገባው ዋስትና ካለ፣ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በይፋ ቀርቦ ይመርመር። የኤርፖርቱ ሂሳብ ከበረራው ሂሳብ ተለይቶ ይያዝ፤ አንዱ ቢታመም ሌላው አብሮ እንዳይወድቅ። ምክር ቤቱ ይህን ለመጠየቅ ኤርፖርቱ ተሠርቶ እስኪያልቅ መጠበቅ የለበትም፤ አሁን ገና አፈሩ እየተደለደለ ነው።